ንግግር መቼ ነው ሕክምና የሚሆነው?

ጅማ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የተመላላሽ ክፍል ደጃፍ ግማሽ ቀን የተቀመጠ ሰው፣ ተደጋግመው የሚነሱትን የሕመም ስሞች በቀላሉ ይለያቸዋል፤ ጨጓራ፣ ራስ ምታት፣ የልብ ምት፣ ብርድ፣ እንቅልፍ ማጣት። አብዛኞቹ ስማቸው እንደሚለው ናቸው። አንዳንዶቹ ግን ለረጅም ጊዜ የቆየ ጭንቀት ወይም ድባቴ ሆነው ሳለ የሰውነት ሕመም ስም ተሰጥቷቸው የመጡ ናቸው። «ጨጓራዬን አሞኛል» ብሎ ካርድ ማውጣት ማንንም አያሳፍርም፤ «መኖር አስጠልቶኛል» ብሎ ካርድ ማውጣት ግን በእኛ ዘንድ ገና አልተለመደም።

እዚህ ላይ አንዲት እናት ላስተዋውቅ። አንድ የማውቃት ሴት አይደለችም፤ በተለያየ ጊዜ ካዳመጥኋቸው ሰዎች ሁኔታ ያዋቀርኋት ናት፣ ስለዚህ ማንም ራሱን አይፈልግባት። ዕድሜዋ ወደ አርባ አምስት ይጠጋል፣ የምትኖረው ሕርማታ አካባቢ ነው፣ ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፏል፣ ሁለቱ ልጆቿ ለሥራ አዲስ አበባ ናቸው። ቡና ማፍላት ትታለች። ጅማ ላይ ቡና ማፍላት መተው ጎረቤት መጥራትን መተው ነው፤ ጎረቤትም ቀስ በቀስ እሷን መጥራት ይተዋል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትነቃና እስኪነጋ ጣሪያውን ስታይ ታድራለች። የጨጓራ መድኃኒት ሦስት ጊዜ ታዞላታል። ሊጠይቋት የመጡ ሁሉ «አይዞሽ፣ በርቺ፣ ለልጆችሽ ስትዪ» ብለዋት ሄደዋል፤ እሷም «እሺ፣ አሜን» ብላ ሸኝታቸዋለች።

ይህች እናት የሚያናግራት ሰው አላጣችም። በንግግር ስለሚሰጥ ሕክምና ሲነሳ የከተማችን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀውም ይኸው ነው፦ «ማውራትማ መች ጠፋ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ቡና ላይ እናወራለን፣ እድር ላይ እናወራለን፣ ለቅሶ ቤት ሰልስቱን ሙሉ ተቀምጠን እናወራለን፣ ሼኹም ቄሱም ሽማግሌውም ይመክራሉ። ታዲያ አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ በሩን ዘግቶ የሚናገረው ከዚህ ሁሉ በምን ይለያል? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ባለሙያው የተማረ ስለሆነ» የሚል ነው፤ ይህ ግን መልስ አይሆንም። ትክክለኛው መልስ አንዳንድ የንግግር ዓይነቶች እንደ መድኃኒት ተፈትነዋል፣ የተወሰነ ቅርፅና የተወሰነ ጊዜ አላቸው፣ መሥራት አለመሥራታቸውም በየሳምንቱ ይለካል የሚለው ነው። ሌሎች የንግግር ዓይነቶች ደግሞ ተፈትነው ወድቀዋል።

ልዩነቱን ከማውቃቸው ጥናቶች ሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው በኡጋንዳ በሚኖሩ የደቡብ ሱዳን አካባቢ ስደተኞች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በጦርነት ካዩት ነገር የተነሳ በቅዠትና በድንጋጤ የሚሠቃዩ 43 ሰዎች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ ተረክ ተኮር የሚባለውን ሕክምና አገኙ፤ ሁለተኛዎቹ በርኅራኄ የተሞላ አጽናኝ ምክር አገኙ፤ ሦስተኛዎቹ ስለ ሕመሙ ምንነት ትምህርት ብቻ ተሰጣቸው። ከአንድ ዓመት በኋላ ሕመሙ ያልለቀቃቸው ከመጀመሪያዎቹ 29 ከመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 79 ከመቶ፣ ከሦስተኛዎቹ 80 ከመቶ ነበሩ። እኛ በየቤቱ የምንሰጠውን ዓይነት ማጽናኛ ያገኙት ሰዎች ትምህርት ብቻ ካገኙት በምንም አልተሻሉም ማለት ነው። 43 ሰው ጥቂት ነው፤ ዘዴው ግን ከዚያ በኋላ በሌሎች አገሮችም ተደጋግሞ ተፈትኗል።

የመጀመሪያዎቹ ምን ተደረገላቸው? በዚህ ዘዴ ሐኪሙና ታካሚው ወለል ላይ ገመድ ይዘረጋሉ። ገመዱ የሰውየው ዕድሜ ነው። ከልደት ጀምሮ ደስታ በነበረበት ቦታ አበባ፣ ክፉ ነገር በደረሰበት ቦታ ድንጋይ ይቀመጣል። ከዚያ ታሪኩ በቅደም ተከተል ይነገራል፤ ድንጋዩ ጋ ሲደረስ አይዘለልም፣ አይቸኮልም፣ ሰውየው ያየውን፣ የሰማውን፣ ያሸተተውን፣ ሰውነቱ የተሰማውን ሁሉ እስኪናገር ይጠበቃል፤ የተነገረው ተጽፎ በሚቀጥለው ጊዜ ይነበብለታል። ሥራው ትዝታው እንዲጠፋ ማድረግ አይደለም። አሁን እንደሚሆን ሆኖ ድንገት የሚመጣውን ነገር ዓመትና ቦታ ወዳለው ያለፈ ነገር መመለስ ነው።

«በዕጣ» ያልሁት ለምን እንደሆነ ሳላብራራ ባልፍ የማስረጃው ነገር ባዶ ቃል ሆኖ ይቀራል። ሰው ወደ ሕክምና የሚሄደው ብዙ ጊዜ ሕመሙ እጅግ በጠናበት ሳምንት ነው፤ ከዚያ በኋላ ምንም ባይደረግለትም ጥቂት ይቀለዋል። ስለዚህ «ሄድሁ፣ ተሻለኝ» የሚል ምስክርነት፣ ከልብ የመነጨም ቢሆን፣ ያሻለው ሕክምናው ይሁን ጊዜው አይነግረንም። ተመሳሳይ ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን ሕክምናውን ሰጥቶ፣ ሌላውን ወገን በተለመደው መንገድ አቆይቶ፣ የትኛው ወገን እንደሆነ የማያውቅ ሰው እንዲለካቸው ማድረግ ጊዜን ከሕክምና ለመለየት ያለን የተሻለ መንገድ ነው።

ሀሳብና ሀሳብ

በአማርኛ «ሀሳብ» የሚለው ቃል ሁለት ሸክም አለበት። «ጥሩ ሀሳብ መጣልኝ» ስንል የአእምሮ ሥራ ነው፤ «ሀሳብ ገባኝ»፣ «ሀሳብ ጨረሰው» ስንል ግን ጭንቀት ነው። በአፋን ኦሮሞም ሀሳብን የሚገልጸው «ያዳ» እና ጭንቀትን የሚገልጸው «ያዶ» ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። በዚምባብዌ የሾና ተናጋሪዎች ድባቴ መሰሉን ሕመም «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ ሀሳብ ማብዛት ማለት ነው። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ በ1960ዎቹ ፊላዴልፊያ ላይ የደረሰበት ነገር ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ድባቴ ያለባቸው ታካሚዎቹ ከስሜታቸው በፊት ብልጭ ብሎ የሚያልፍ፣ ራስን፣ ዓለምንና ነገን የሚያጨልም ሀሳብ እንዳላቸው አስተዋለ፤ ያንን ሀሳብ ይዞ መመርመርንም ሕክምና አደረገው። ዛሬ የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና የሚባለውና በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ጊዜ የተፈተነው ዘዴ ከዚህ ወጣ።

አሠራሩን በእናታችን ላይ እንየው። ልጇ ስልክ ሳያነሳ ይቀራል። በዚያች ቅጽበት «ሸክም ሆኜበታለሁ» የሚል ሀሳብ ያልፋል፤ ደረቷ ይከብዳል፤ ስልኩን አጥፍታ ትተኛለች። ጎረቤቷ ብትሰማ «እንዲህ አታስቢ» ትላታለች። ባለሙያው ግን «አታስቢ» አይላትም፤ አታስቢ የተባለ ሰው የሚማረው ማሰቡን መደበቅ ብቻ ነው። ይልቅ ወረቀት ላይ አራት ዓምድ ይሠራሉ፤ ምን ተፈጠረ፣ ምን አሰብሽ፣ ምን ተሰማሽ፣ ምን አደረግሽ። ከዚያ ሀሳቡን እንደ ክስ ቆጥረው ማስረጃ ይፈልጉለታል። ሸክም መሆንሽን የሚያሳይ ምን አለ? የማያሳይስ? ልጁ ባለፈው ወር ያለጥያቄ ገንዘብ ልኳል፤ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ይሆናል። በመጨረሻም ሀሳቡ ይፈተናል፦ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ደውይና ምን እንደሚሆን ጻፊ። ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 20 በሚደርሱ ቀጠሮዎች የሚለመደው ይህ የመፈተን ልማድ ነው፤ ታካሚው ባለሙያው በሌለበትም ይዞት ይሄዳል። መካከለኛ በሆነ ድባቴ ይህ ሕክምና ውጤቱ ከመድኃኒት ጋር የሚቀራረብ ሲሆን፣ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ሕመሙ እንዳይመለስ በማድረግ ረገድ ደግሞ ተቋርጦ ከቀረ መድኃኒት ይሻላል።

ከዚህ የሚቀልል መንገድም አለ፤ በእኔ ግምት ለእንደኛ ዓይነቱ አገር ይበልጥ የሚስማማው እሱ ነው። ሀሳቡን ትቶ በቀጥታ ከድርጊቱ ይጀምራል። ድባቴ ሰውን ከሚወደውና ከሚጠቅመው ሥራ ያርቀዋል፤ መራቁ ደግሞ ድባቴውን ያጸናዋል። ስለዚህ ፍላጎት እስኪመለስ አይጠበቅም፤ ድርጊቱ ይቀድማል፣ ስሜቱ ይከተላል። በእንግሊዝ በ440 ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2016 የታተመ ጥናት ይህንን ዘዴ ረጅም የሥነ ልቦና ሥልጠና በሌላቸው ጀማሪ ሠራተኞች አሰጥቶ፣ በሠለጠኑ ባለሙያዎች ከተሰጠው የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና ጋር አወዳድሮታል። ውጤቱ አልተናነሰም፤ ወጪው ግን አነሰ።

እናታችን በመጀመሪያው ሳምንት የተሰጣት ሥራ መዝገብ መያዝ ብቻ ነበር፤ በየሰዓቱ ምን እንዳደረገችና ስሜቷ ከ10 ስንት እንደነበር። መዝገቡ ከሰዓት በኋላ ብቻዋን የምትተኛበት ጊዜ ከሁሉ የከፋው መሆኑን አሳየ። ሁለተኛው ሥራ፦ ማክሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ለአንዲት ጎረቤት ብቻ ቡና ማፍላት። አልሆነም። ቡናውን አጥባ ሳትቆላው ቀረች። ባለሙያው ይህን እንደ ጥፋት አልቆጠረውም፤ የትኛው እርምጃ እንደከበደ ጠየቃት። ከሰል ለመግዛት ከቤት መውጣት ነበር የከበዳት፣ ሱቁ ጋ «ምነው ጠፋሽ?» የሚል ይኖራል። ስለዚህ ከሰሉን የጎረቤት ልጅ አመጣው፣ ሥራውም ተቀነሰ፤ አቦል ብቻ፣ ቶናም በረካም የለም። በሦስተኛው ሳምንት መዝገቧ ላይ ማክሰኞ አሥር ሰዓት 5 ተጻፈ። ከዚያ በፊት ከ3 ያለፈ ቁጥር አልነበረም።

የጊቤ ቁልቁለት

ለፍርሃት የሚሰጠው ሕክምና ከዚህ ይለያል፤ ስለ እሱ ከራሴ ብናገር ይሻላል። ከዓመታት በፊት ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ስሄድ፣ መኪናው ወደ ጊቤ በረሃ መውረድ እንደጀመረ ልቤ ተነስቶ ይደልቅ ጀመር፤ እጄ ደነዘዘ፣ አየር አጠረኝ፣ እዚያው የምሞት መሰለኝ። አልሞትሁም። አንድ ክሊኒክ ሄጄ የልብ ምርመራና የደም ምርመራ ተደረገልኝ፤ «ምንም የለብህም፣ ጭንቀት ነው፣ አትጨነቅ» ተባልሁ። የተባለው ሁሉ እውነት ነበር፣ ያደረገልኝ ነገር ግን አልነበረም። ከዓመት በላይ ከጅማ አልወጣሁም። የአጎቴ ቀብር አዲስ አበባ ላይ ሲፈጸም እኔ እዚህ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ተመለስሁ።

በመጨረሻ ያገኘሁት የሥነ ልቦና ባለሙያ ያስረዳኝ አንድ ነገር ነው። የሸሸሁ ቁጥር ፍርሃቴ ወዲያው ይወርዳል፤ አእምሮዬም «የዳንሁት ስለሸሸሁ ነው» ብሎ ይማራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ፍርሃቱ ያንኑ ትምህርት ይዞ ይመጣል። ትምህርቱን መቀየር የሚቻለው ሳይሸሹ በመቆየት ብቻ ነው። መጀመሪያ ክፍሉ ውስጥ ደረጃ እየወጣሁ እየወረድሁ ልቤ እንዲደልቅ አደረገኝ፤ የልብ መደለቅ ብቻውን አደጋ እንዳልሆነ ሰውነቴ እንዲያውቅ። ከዚያ ቆሞ ተሳፋሪ በሚጠብቅ አውቶቡስ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥሁ። ከዚያ እስከ ሰርቦ። ከዚያ እስከ ሰኮሩ። በየአምስት ደቂቃው ፍርሃቴን ከ0 እስከ 100 እጽፍ ነበር። ከባዱ ግን መንገዱ አልነበረም፤ ሁልጊዜ የምይዘውን የውኃ ጠርሙስና በር አጠገብ ያለውን ወንበር መተው ነበር። «ጠርሙሱን ከያዝህ ያዳነህ ጠርሙሱ ነው ብለህ ትመለሳለህ» አለኝ። ሰኮሩ ልንደርስ ስንል 80 ጻፍሁ፤ አልወረድሁም፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ 45 ጻፍሁ። ጊቤን ያለ ጠርሙስ የተሻገርሁት በስድስተኛው ሳምንት ነው። ዛሬም ቁልቁለቱ ሲጀምር ልቤ ትንሽ ይፈጥናል፤ ከዚያ በላይ ግን አይሄድም።

ሌሎቹን ዘዴዎች ባጭሩ ልለፋቸው። የሰዎች ግንኙነት ላይ ያተኮረው ሕክምና በጄራልድ ክለርማንና በሚርና ዋይስማን የተቀመረ ሲሆን፣ ድባቴን ከሐዘን፣ ከጠብ፣ ከኑሮ ለውጥና ከብቸኝነት ጋር አያይዞ ያክማል። በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ በ30 መንደሮች፣ በቡድን እየተሰጠ ተፈትኖ በ2003 የወጣው ውጤት አስደናቂ ነበር፤ ከ16 ሳምንት በኋላ ከባድ ድባቴ ያልለቀቃቸው ከታከሙት 6.5 ከመቶ፣ ካልታከሙት 54.7 ከመቶ ሆኑ። የቡድኖቹ መሪዎች ሐኪሞች አልነበሩም፤ የሁለት ሳምንት ሥልጠና የወሰዱ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ።

ጫት በሚመረትበትና በርጫ የኑሮ አካል በሆነበት ጅማ ሳይነሳ የማይታለፍ አንድ ዘዴ አለ፤ ተነሳሽነትን የሚያበረታው ቃለ ምልልስ። ዊልያም ሚለር በ1983 ከአልኮል ታካሚዎች ጋር ሲሠራ የጀመረው ነው፤ ማስረጃውም የበረታው በአልኮል ላይ ነው፣ ከምርቃና በኋላ ጨብሲ ለሚያሳድደው ወጣት ደግሞ ሁለቱ የተለያዩ ጉዳዮች አይደሉም። እኛ እንዲህ ያለውን ልጅ ሰብስበን እንመክራለን፣ እንቆጣለን፣ እናስምላለን። ሲመከር ይከላከላል፤ ሲከላከል ደግሞ የመቃም ምክንያቶቹን በገዛ አፉ እየደጋገመ ያጸናቸዋል። ሚለር ነገሩን ገለበጠው። «ማቆም ከ0 እስከ 10 ምን ያህል አስፈላጊ ነው ትላለህ?» ተብሎ «4» ያለ ወጣት የሚቀጥለው ጥያቄ «ለምን 10 አላልህም?» አይደለም፤ «ለምን 1 አላልህም?» ነው። ለዚህ ሲመልስ የማቆምን ምክንያት የሚናገረው ራሱ ነው።

ስለሚጎዳው ንግግር

ንግግር ሁሉ ቢያንስ አይጎዳም የሚለው እምነት ስሕተት ነው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ከአደጋ ወይም ከግጭት በኋላ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ተጎጂዎችን ሰብስቦ፣ የደረሰባቸውን በዝርዝር እንዲናገሩ አድርጎ፣ በአንድ ጊዜ የሚያልቅ «ምክር» መስጠት በዓለም ላይ ለዓመታት ተሠርቶበታል። የተፈተኑት ጥናቶች በ2002 ተሰብስበው ሲመዘኑ፣ ከሕመም እንደማይከላከልና አንዳንዶቹንም እንዳባሰ ታየ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም። ገመዱና ድንጋዩ ያሉበት ሕክምናም ያስተርካል፤ ልዩነቱ ግን የሚሰጠው ሕመሙ ጸንቶ ለቀረበት ሰው መሆኑ፣ ቀጠሮው ተከታታይ መሆኑ፣ ታሪኩ ግማሽ መንገድ ላይ እንደማይተው መታወቁ ነው። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው በሁለተኛው ቀን የሚፈልገው መጠለያ፣ ዘመዶቹ የት እንዳሉ ማወቅና መናገር ሲፈልግ ብቻ የሚያዳምጥ ሰው ነው። በቅን ልብ ተነስተው ተፈናቃይ ካምፕ ሄደው «የደረሰባችሁን አውሩን» የሚሉ በጎ ፈቃደኞች ይህን ቢያውቁ ብዬ እመኛለሁ።

ሌላም ድንበር አለ። ድምፅ ለሚሰማው፣ ያልሆነውን ሆነ ብሎ ለሚያምን፣ ለቀናት ሳይተኛ ደስታው ከልክ ላለፈ ሰው ንግግር መድኃኒትን አይተካም፤ ከመድኃኒቱ ጋር ሊረዳ ይችላል እንጂ። ራሱን ሊያጠፋ የሚያስብ ሰው ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ብቻውን ሳይተው በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። ስለ ሐሳቡ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራበትም። የሚሠራውም ዘዴ ቢሆን ለሁሉም አይሠራም። ሆላንዳዊው ተመራማሪ ፒም ኩይፐርስና ባልደረቦቹ በ2021 ባወጡት ትልቅ ስብስብ ጥናት መሠረት፣ ለድባቴ በንግግር ከታከሙ ሰዎች በሁለት ወር አካባቢ ሕመማቸው ቢያንስ በግማሽ የቀነሰላቸው 41 ከመቶ ናቸው፤ በተለመደው ክትትል ከቆዩት ደግሞ 17 ከመቶ። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ያልቀነሰላቸውም ብዙ ናቸው፣ ለእነሱ ዘዴውን መቀየር ወይም መድኃኒት መጨመር ያስፈልጋል።

ታዲያ ጅማ ላይ ማን ይስጠው?

ከተማችን ባዶ እጇን አይደለችም። ዩኒቨርሲቲው የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችን በሁለተኛ ዲግሪ ጭምር ያሠለጥናል፣ የሕክምና ማዕከሉም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ለደቡብ ምዕራቡ ሕዝብ ሁሉ ያገለግላል። ይሁን እንጂ ሰው እዚያ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። በዚያው ሆስፒታል በ384 ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ በ2011 የታተመ ጥናት፣ ሕመሙ ከጀመረ እስከ ሆስፒታል መምጣት ድረስ የነበረው መካከለኛ ጊዜ አንድ ዓመት ያህል መሆኑንና ከመቶ 30 ያህሉ አስቀድመው ወደ ሃይማኖት ፈዋሾች መሄዳቸውን አሳይቷል። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት የሚያወሩ ባለሙያዎች ያሳዝኑኛል። ሰው የሚሄደው ወደሚቀርበውና በቋንቋው ወደሚያናግረው ነው። በጋናና በናይጄሪያ ተሠርቶ በ2020 የወጣ ጥናት የጤና ሠራተኞች ፈዋሾቹ ዘንድ እየሄዱ አብረዋቸው ሲሠሩ ከባድ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ይበልጥ እንደተሻላቸው አሳይቷል።

ርቀትን በተመለከተ የዚምባብዌው ልምድ ለእኛ ቅርብ ነው። ዲክሰን ቺባንዳ የተባለው የአእምሮ ሐኪም አንዲት ታካሚው ወደ ሆስፒታሉ የምትመጣበት የአውቶቡስ ገንዘብ አጥታ ራሷን ካጠፋች በኋላ፣ በ2006 ከ14 አያቶች ጋር ሥራ ጀመረ። አያቶቹ በጤና ጣቢያው ግቢ በእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ችግርን ለይቶ አንድ በአንድ የመፍታት ሕክምና ይሰጣሉ፤ እስከ ስድስት ቀጠሮ። በሐራሬ በ573 ሰዎች ላይ ተፈትኖ በ2016 ሲታተም፣ ከስድስት ወር በኋላ የድባቴ ምልክት የነበረባቸው አያቶቹ ካከሟቸው 13.7 ከመቶ፣ ከሌሎቹ 49.9 ከመቶ ነበሩ። በፓኪስታን ገጠር ደግሞ ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ሠራተኛ ሴቶች ድባቴ ያለባቸውን ነፍሰ ጡሮችና አራሶች በአስተሳሰብና በባህሪ ሕክምና ዘዴ አክመው፣ በ2008 በወጣው ውጤት ከስድስት ወር በኋላ ሕመሙ ያልለቀቃቸው 23 ከመቶ ሲሆኑ በሌላው ወገን 53 ከመቶ ሆነዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በአምስት ቀጠሮ የሚያልቅ፣ ትንፋሽ ማርጋትን፣ ችግር መፍታትን፣ ወደ ሥራ መመለስንና የሰው ድጋፍ ማጠናከርን የያዘ መመሪያ በ2016 በነፃ አውጥቷል።

ይህን ሲያነብ ብዙ ሰው የሚያስበው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ነው፤ እኔም አስቤያለሁ። ነገር ግን ክትባቱም፣ የቤተሰብ ምጣኔውም፣ ሪፖርቱም በእነሱ ላይ ነው፤ ከላያቸው አንድም ሥራ ሳያወርዱ ሌላ መጫን ወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር ሕክምና መፍጠር ይሆናል። ደግሞም በሐራሬም በፓኪስታንም ውጤቱን ያመጣው ሥልጠናው ብቻ አልነበረም። አካሚዎቹ በየጊዜው ተሰብስበው፣ የትኛዋ ታካሚ እንደከበደቻቸው ተናግረው፣ ከባለሙያ እርማት ይወስዱ ነበር። እኛ አገር ሥልጠና በአበል ይሰጣል፣ ሰርተፊኬት ይታደላል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሱፐርቪዥን ግን በጀት የለውም ተብሎ ይቀራል። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ሥልጠናውን አሳጥሬ ሱፐርቪዥኑን እጠብቃለሁ።

የቋንቋውና የክፍሉ ነገርም አለ። ጅማ ላይ አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛ፣ ዳውሮኛ፣ የምኛና ካፊኛ የሚናገር ሰው አንድ ወረፋ ላይ ይቀመጣል፤ ሰው ደግሞ የሚያዝነው በእናቱ ቋንቋ ነው፣ አስተርጓሚ የቆመበት ንግግር ግማሹ ይቀራል። ክፍሉስ? አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ ስትጠየቅ ወንድሟ ሲመልስላት አይቻለሁ። «እንቅልፍ እንዴት ነው?» ስትባል «ደህና ትተኛለች» አለ፤ ልጅቱ የመቀመጫዋን ጠርዝ እያሻሸች ዝም አለች። በሩ ክፍት ነበር፣ ኮሪደሩ ላይ የሰፈሯ ሰው ሊኖር ይችላል። ነርሷ ወንድሙን «ለሻይ ጊዜ አለህ፣ ወንድም፣ ሃያ ደቂቃ ብቻ» ብላ አስወጥታ በሩን ዘጋች። ልጅቱ ማልቀስ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው። የሚዘጋ በርና ቤተሰብን በአክብሮት የማስወጣት ችሎታ ውድ መሣሪያ አይደሉም፤ ሕክምናው ግን ያለ እነሱ አይጀመርም።

ባለሙያ የሚፈልግ አንባቢ ሦስት ነገር ለመጠየቅ አይፈር፦ የምትሰጡኝ ሕክምና ምን ይባላል፣ ስንት ጊዜ እመጣለሁ፣ መሻሻሌን በምን ታውቃላችሁ? ለሦስተኛው ጥያቄ ጥሩ መልስ አለ። ስላለፉት ሁለት ሳምንታት የሚጠይቅ፣ ዘጠኝ ጥያቄ ያለው፣ ከ0 እስከ 27 የሚቆጠር የድባቴ መለኪያ በአማርኛ ተተርጉሞ አገራችን ውስጥ ተፈትኗል፤ ለመሙላት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ቁጥሩ ከአራት ወይም ከአምስት ቀጠሮ በኋላ ካልተነቃነቀ፣ መንገዱ እንዲቀየር መጠየቅ የታካሚው መብት ነው።

የሕርማታዋ እናት በመጀመሪያው ቀን 17 ነበረች። በስድስተኛው ቀጠሮ 9 ሆነች። ቶና ማፍላት ጀምራለች፣ ጎረቤቶቿ ሦስት ሆነዋል፣ የጨጓራ መድኃኒቱን ከጠየቀች ወር አልፏል። አሁንም ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትነቃለች። ባለሙያው መዝገቡን ወደ እሷ አዙሮ፣ በዚያ ሰዓት ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ የሚመጣላት ሀሳብ ምን እንደሆነ ጠየቃት።